ታርሟል ብሎ የፈረመው ማን ነው?

በአንድ የወጣቶች ጥናት ላይ፣ «መንግሥት ከማረሚያ ቤት የሚወጡ ሰዎች ሥራ እንዲያገኙ መርዳት አለበት» ስል አንድ ወንድም፣ «ዲግሪ ይዘን ቤት የተቀመጥን እኛ እያለን?» አለኝ። ብዙዎች አጨበጨቡ። እናንተም ብትኖሩ ታጨበጭቡ ነበር ብዬ እፈራለሁ።

ሥራ ማጣት እንደሚያም አውቃለሁ። ግን እስቲ ከዚያ በር የወጣውን ሰው ተከተሉት። ፍርድ ቤት ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን መጨረሱንና ጠባዩን አይቶ በአመክሮ ለቆታል። እንግዲህ መንግሥት «ታርሟል» ብሎ ፈርሟል ማለት ነው። ቀጣሪው ግን የአሻራ ማስረጃና ደመወዝተኛ ዋስ አምጣ ይለዋል። አሻራው ያሳብቅበታል። ዋስ ከየት ያመጣል?

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ «መሰየም» የሚባል ነገር አለ። ከጽኑ እስራት የወጣ ሰው አምስት ዓመት፣ ሌላው ሁለት ዓመት በመልካም ጠባይ ቆይቶ፣ የተፈረደበትንም ካሳ እንደ አቅሙ ከፍሎ ቢያመለክት ፍርዱ ከመዝገብ ሊሰረዝለት ይችላል። ከዚያ ወዲያ ያንን ጥፋት በክፋት የሚያነሣበት ሰው በስም ማጥፋት ይጠየቃል። ግሩም ሕግ ነው! ግን እስከዚያ አምስት ዓመት ምን ይብላ? በስርቆት የታሰረን ሰው ሥራ ነሥተን የምናስርበው ወዴት እንዲሄድ ነው?

የምጠይቀው ምጽዋት አይደለም። ታርሟል ብሎ የፈረመ መንግሥት በዚያው ፊርማ ዋስ ይሁነው፤ ቀጣሪው ቢጎዳ ካሳውን ይክፈል። ወጪ ነው ትላላችሁ? ተመልሶ ቢታሰርስ ቀለቡን የሚችለው ማን ነው?

«መጽሐፈ ምሳሌ ዋስ አትሁን ይላል» የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ ለሰው ብድር ገብቶ አልጋውን ሳይቀር ለሚያስወስድ ሞኝ የተሰጠ ምክር ነው። የዕብራውያን መልእክት ግን ጌታ ኢየሱስን ዋስ ብሎ ይጠራዋል። ጳውሎስም ራሱ ታስሮ ሳለ የአናሲሞስን ዕዳ በገዛ እጁ ጽፎ ተቀብሏል። ታዲያ ለምን ወደ መንግሥት ታመለክታለህ፣ ቤተ ክርስቲያን አትበቃም ወይ ካላችሁኝ፣ እኛን ስለማውቀን ነው።

ባለፈው ዓመት በማረሚያ ቤት የእንጨት ሥራ ተምሮ የወጣ አንድ ወንድም ዋስ ሁነኝ ብሎኝ ነበር። «ልጸልይበት» አልሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስደውልለት ስልኩ ዝግ ነበር።