ድምፅና ጊታር አይለያዩ

ባለፈው እትም የኅብረታችን የባህል ኮሚቴ ለዓመቱ መዝጊያ የሚዘጋጀውን የዘፈን ስብስብ አስመልክቶ ማስታወቂያ ማውጣቱ ይታወሳል። በማስታወቂያው መሠረት ዘፈን የሚያቀርብ አባል ሁሉ መጀመሪያ ጊታሩን ለብቻ፣ ቀጥሎም ድምፁን ለብቻ ቀድቶ ሁለቱን በየፋይላቸው እንዲያስረክብ ይጠየቃል። የኮሚቴው አባላት በቅን ልቦና የተነሡ መሆናቸውን አንጠራጠርም። ይሁን እንጂ መመሪያው ስሕተት ነው እንላለን። አንድ ሰው ራሱ ጊታር እየመታ ራሱ የሚዘፍነው ዘፈን፣ በተለይ ቤት ውስጥ ሲቀዳ፣ በአንድ ጊዜና በአንድ ክፍል፣ ቢቻልም በአንድ ማይክሮፎን መቀዳት አለበት። ይህን የምንለው በክርክር ለመርታት ሳይሆን በገዛ እጃችን አበላሽተን ስላየነው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ዓመት ተመርቃ ወደ አገር ቤት የምትመለስ አንዲት የፋርማሲ ተማሪ እህታችን አለች። አባቷ ባረፉበት ዓመት ለቀብር መድረስ ሳትችል ቀርታ በትዝታ ቅኝት የደረሰችው ዘፈን አላት። በተከራየነው ቤት ሳሎን በበዓል ማታ ደጋግመን የሰማነው ነው። ከመመለሷ በፊት ቀድታ ለእናቷ ልትልክ ፈለገች፤ እኛም «ለዚህማ እኛ አለንልሽ» ብለን ተነሣን። በኮምፒዩተሩ ሜትሮኖም በደቂቃ 72 ምት አስቀምጠን መጀመሪያ ጊታሯን ቀዳን። በማግሥቱ የጆሮ ማዳመጫ አድርጋ የትናንቱን ጊታር እየሰማች ዘፈነች። ሁለቱን ገጠምን። ንጹሕ ነበር፤ አንዲት ስሕተት አይገኝበትም። እሷ ግን እስከ መጨረሻው ካዳመጠች በኋላ «ይሄ እኮ የሌላ ሰው አባት የሞተ ነው የሚመስለው፤ ለእማዬ አልልከውም» አለች። እውነቱን ለመናገር ተናደድን። ሁለት ሌሊት ደክመንበት ነበርና። ቆይተን ስናስበው ግን ልክ ነበረች።

ትዝታን የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ወዲያው ይረዳል። ዘፋኙ አንዱን ሐረግ ትንፋሹ እስከ ቻለው ድረስ ይስበዋል፤ መሣሪያው ይጠብቀዋል። ወይም መሣሪያው ቀድሞ ይጠራና ድምፁ ይከተላል። አዝማሪ በማሲንቆው የሚያደርገው፣ አስናቀች ወርቁ በክራሯ፣ ዓለሙ አጋ በበገናው የሚታወቁበት ጥበብ መሠረቱ ይህ ነው፤ እጅና ጉሮሮ የአንድ ሰው ናቸው፣ አንዱ ሲያመነታ ሌላው ያውቃል። የዚያች እህታችን ጊታር ግን በመጀመሪያው ሌሊት የሚጠብቀው ድምፅ አልነበረውም። ድምፅዋም በሁለተኛው ሌሊት የሚጠብቃት ጊታር አላገኘም። ሁለቱም ሜትሮኖሙን ሲጠብቁ አደሩ።

በትምህርታችን ከምናየው አንድ ነገር እንጨምር። ጤነኛ ወጣት ትንፋሽ ሲያስገባ የልቡ ምት ትንሽ ይፈጥናል፤ ሲያስወጣ ይዘገያል። ጀማሪ ተማሪ ይህን ሲሰማ ሕመም መስሎት ይደነግጣል፤ መምህሩ «ደህና ነው፣ ቀጥል» ይለዋል። እንግዲህ ልባችን እንኳ ከትንፋሻችን ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ የትንፋሽ ሥራ የሆነውን ዘፈን በ72 ምት ቀጥቅጦ ማሰር ምን ይባላል?

ለየብቻ መቅዳት የሚደግፉ ወገኖች ሁለት ምክንያት ያቀርባሉ። አንደኛው፣ ስሕተት ቢፈጠር አንዱን ብቻ ማረም ይቻላል የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ አንክድም። አብሮ በተቀዳ ዘፈን ላይ ድምፅ ቢሰበር ጊታሩም አብሮ ይደገማል። ነገር ግን የሦስት ደቂቃ ዘፈን አሥር ጊዜ ቢደገም ግማሽ ሰዓት ነው። ሁለት ሌሊት ግን አይደለም። አሜሪካዊው ሮበርት ጆንሰን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1936 በሳን አንቶኒዮ፣ በሰኔ 1937 ደግሞ በዳላስ ጊታሩን እየመታ እየዘፈነ 29 ዘፈኖች አስቀድቷል። በዚያ ዘመን በሸክላ ላይ የሚታረም ነገር አልነበረም። ብሩስ ስፕሪንግስቲን እ.ኤ.አ. በ1982 «ኔብራስካ» የተባለውን አልበሙን በኒው ጀርሲ ቤቱ ውስጥ ባለ አራት ትራክ የካሴት መቅጃ ላይ፣ በሁለት ተራ ማይክሮፎኖች፣ ጊታሩንና ድምፁን አብሮ ነበር የቀዳው። ሌሎቹን ድምፆች በቀሩት ትራኮች ላይ ኋላ ጨመረባቸው። ከባንዱ ጋር በስቱዲዮ እንደገና ሞክሮ ስላልሆነለት ለሕዝብ የወጣው ያው የቤት ካሴት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የበለጠ ክብደት አለው። የጊታሩ ድምፅ በአፍ ማይክሮፎን፣ የአፍ ድምፅ በጊታሩ ማይክሮፎን ይገባል፤ ኋላ ማመጣጠን አይቻልም ይላሉ። እዚህ ላይ ትንሽ ፊዚክስ ግድ ነው። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ የጊታሩ ማይክሮፎን ከዘፋኙ አፍ ያለው ርቀት ከድምፁ ማይክሮፎን በ34 ሳንቲሜትር ቢበልጥ ድምፁ እዚያ የሚደርሰው አንድ ሚሊሴኮንድ ያህል ዘግይቶ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ በ500 ሄርትዝ፣ ደግሞም በ1500 ሄርትዝ አካባቢ አንዱ ሲወጣ ሌላው ስለሚወርድ እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ። ዘፋኙ ቧንቧ ውስጥ ገብቶ የሚዘፍን ይመስላል። ባለሙያዎች ለዚህ «ሦስት ለአንድ» የሚሉት ደንብ አላቸው፤ ማይክሮፎን ሁሉ ከሚቀዳው ነገር 20 ሳንቲሜትር ቢርቅ፣ በሁለቱ ማይክሮፎኖች መካከል ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር ይሁን ነው። ችግሩ ተቀምጦ የሚጫወት ሰው ከአፉ እስከ ጊታሩ ያለው ርቀት እኛ በሜትር ስንለካው ግማሽ ሜትር እንኳ አልሞላም። በጎናቸው የማይሰሙ ልዩ ማይክሮፎኖችም አሉ፤ ጎናቸውን ወደማይፈለገው ድምፅ በማዞር ጥሩ ሥራ ይሠራባቸዋል። ዋጋቸው ግን የተማሪ አይደለም።

ታዲያ ኮሚቴው እንደሚለው ለየብቻ እንቅዳ ማለት ነውን? አይደለም። ማይክሮፎኑ አንድ ከሆነ የሚደመር ሁለተኛ ነገር የለምና ችግሩ ከሥሩ ይነሣል። የሚቀረው ሥራ የማይክሮፎኑን ቦታ መፈለግ ብቻ ነው። ዘፋኙ ሲጫወት አንድ ጆሯችንን በጣት ደፍነን፣ በሌላው እየሰማን ፊት ለፊቱ ከፍ ዝቅ እንላለን። ለሚያይ ሰው ያስቃል። ድምፁና ጊታሩ ተመጣጥነው የሚሰሙበት ቦታ ላይ ማይክሮፎኑን እንተክላለን። አብዛኛውን ጊዜ ከደረት ፊት ለፊት፣ ከ40 እስከ 60 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ ይገኛል። ጊታሩ ከበዛ ማይክሮፎኑን ወደ አፍ ከፍ፣ ድምፁ ከበዛ ዝቅ ማድረግ ነው። ወደ ጊታሩ ቀዳዳ ግን ቀጥ ብሎ አይዙር፤ በሆዱ ያለው አየር በ100 ሄርትዝ አካባቢ ያጓራልና። አንገቱ ከሆዱ ወደሚገናኝበት በኩል ሲያዘነብል ድምፁ ይጠራል። በጣት ስፋት መንቀሳቀስ ብዙ ይለውጣል፤ የልብ ማዳመጫ ደረት ላይ አሳርፎ የሚያውቅ ሰው ይህ አይገርመውም።

ክፍሉ ግን ከማይክሮፎኑ ይበልጣል። የምንኖርባቸው ቤቶች ወለላቸው ሴራሚክ፣ ግድግዳቸው ሲሚንቶ ነው፤ አንድ ቃል ሲናገሩ ሦስት ጊዜ ይመለሳል። ፍራሽ ከዘፋኙ ጀርባ ማቆም፣ ወለሉ ላይ ብርድ ልብስ መደራረብ፣ ጋቢ ካለም በሩ ላይ መስቀል ብዙ ይረዳል። ኮሚቴው ግድግዳው ላይ እንለጥፋለን ያለው የእንቁላል ካርቶን ግን ድምፅ ይውጣል የሚባለው ወሬ ነው፤ ወፍራሙን ድምፅ ጨርሶ አይነካውም፣ እሳት ግን ይወዳል። ርካሹ ስፖንጅም ሲቃጠል ጭሱ መርዝ ነው። አሥር ሰው በሚያድርበት ቤት ይህን መለጠፍ እንደ ሕክምና ተማሪዎች አጥብቀን እንቃወማለን። ኤር ኮንዲሽነሩና ፍሪጁም ይጠፋሉ። በዚህ አገር በሰኔ ወር ኤር ኮንዲሽነር አጥፍቶ፣ መስኮት ዘግቶ፣ በጋቢ ተከቦ መዝፈን ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የጊታሩ ክርም በሙቀቱ ይላላልና ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት መቃኘት አለበት።

ከዚህ አኳያ ገንዘቡም ሊታሰብበት ይገባል። ለሁለተኛ ማይክሮፎንና ለስፖንጅ የተጠየቀው ወጪ ከታማሚ ተማሪዎች መረዳጃ የሚነሣ መሆኑን ሰምተናል። ኅብረቱ አንድ ማይክሮፎን አለው፤ የጎደለው ጠንካራ መቆሚያ ነው። መቆሚያው ይገዛ፣ ሌላው ገንዘብ ለታሰበለት ሕመምተኛ ይቆይ። በባንድ የሚጫወቱ ወንድሞቻችን፣ ከበሮና ቤዝ ያላቸው፣ በመመሪያው ቢጠቀሙ አንቃወምም፤ የእነሱ ሥራ ሌላ ነው። መዝፈንና መምታት ገና አብሮ ያልሆነለት ጀማሪም ለጊዜው ለየብቻ ቢቀዳ አይነቀፍም። ለቀሩት ግን ኮሚቴው «ለየብቻ» የሚለውን ቃል ከማስታወቂያው እንዲሰርዝልን እንጠይቃለን።

ያቺ እህታችን በሦስተኛው ሌሊት ከሁለት ጓደኞቿ ጋር እንደገና መጣች። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጀመርን። አንዱን ማይክሮፎን ተከልንላት፣ ሜትሮኖሙን ዘጋን፣ እኛም ወጥተን ኮሪደር ላይ ተቀመጥን። አምስት ጊዜ ዘፈነችው። ያስቀረችው አምስተኛውን ነው፤ በሁለተኛው አዝማች ላይ አንዱን ክር ስታለች፣ አንድ ቦታም ድምፅዋ ከብዶ ጊታሩ ቆሞ ይጠብቃታል። መጨረሻው ላይ የንጋቱ አዛን በመስኮቱ ስንጥቅ ከሩቅ ይሰማል። እናጥፋው ወይ ብለን ጠየቅናት። «ተዉት፤ የት ሆኜ እንደዘፈንኩት እማዬ ትስማ» አለች። በዚያው ጠዋት ላከችው። እናቷ ምን እንዳሉ የነገረችን ቢሆንም ያ የእነሱ ነው።

መቅዳት የምትፈልጉ እህቶችና ወንድሞች ስማችሁን ለኅብረቱ ጸሐፊ አስመዝግቡ። ፈተናችን እስኪጀምር ድረስ ኀሙስ ኀሙስ ሌሊት ቤታችን ክፍት ነው። ፍራሽ አለ፤ ብርድ ልብስ ግን አይበቃንምና ይዛችሁ ኑ።