መቀጮውን የሚሰበስብ መንግሥት ካሣውንም ይሰብስብ

ፍርድ ቤት በአንድ ወንጀለኛ ላይ ሁለት ዓይነት የገንዘብ ትእዛዝ ሊሰጥ ይችላል። አንዱ ለመንግሥት የሚገባ መቀጮ ነው። ሌላው እጁ ለተሰበረ፣ ዓይኑ ለጠፋ ወይም ባሏ ለተገደለባት የሚገባ ካሣ ነው። መቀጮው ሳይከፈል ሲቀር መንግሥት ራሱ ይከታተለዋል፤ ወንጀለኛው መክፈል ካቃተው ሕጉ መቀጮውን ወደ ጉልበት ሥራ የሚለውጥበት መንገድ አለው። ካሣው ሲቀር ግን የሚከታተለው ተበዳዩ ነው። ራሱ የአፈጻጸም መዝገብ ይከፍታል፣ የባለዕዳውን ሀብት ራሱ ያፈላልጋል፣ ለምልልሱም ከኪሱ ያወጣል። በአመፅ ወንጀል የተፈረደ ካሣን የማስከፈል ግዴታ ከተበዳዩ ትከሻ ወርዶ በመንግሥት ላይ መውደቅ አለበት፤ ይህ በወላይታ ደግሞ ከሌላው አካባቢ ይልቅ አንገብጋቢ ነው።

የካሣ መብቱ በወረቀት ላይ አለ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 101 ተበዳዩ ወይም ወራሾቹ የካሣ ጥያቄያቸውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምረው እንዲያቀርቡ ይፈቅዳል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ከአንቀጽ 154 ጀምሮ አካሄዱን ይደነግጋል። ይሁን እንጂ ተበዳዩ እንደ ፍትሐ ብሔር ከሳሽ የዳኝነት ክፍያ ይከፍላል፤ ተከሳሹ ወጣት ከሆነ፣ በሌለበት የሚታይ ከሆነ ወይም ጥያቄው የወንጀሉን ክርክር ያወሳስባል ተብሎ ከታመነ ማመልከቻው ውድቅ ይሆንና ሌላ ክስ መመሥረት ግድ ይላል። ይህን ሁሉ አልፎ ካሣ የተፈረደለት ሰው ገንዘቡን ገና አላገኘም፤ ያገኘው ገንዘቡን የመጠየቅ መብት ነው። ጉዳዩ የታየው በዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሆነ ከበሌ ወይም ከገሱባ ሶዶ ድረስ እየተመላለሰ፣ ማመልከቻ እያስጻፈ፣ «የባለዕዳው ንብረት ይኸውና» ብሎ ማሳየት ይጠበቅበታል። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚል ሕዝብ ፍርድን እስከዚህ ድረስ ያከብራል። ፍርድ አግኝቶ በቅሎውንም ጭብጦውንም ላጣ ሰው ግን ይህ ተረት ምን ማጽናኛ ይሆነዋል?

ወላይታ በገጠር የሕዝብ ጥግግት በአገሪቱ ቀዳሚ ከሆኑት አካባቢዎች አንዱ ነው፤ የብዙ አባወራ ማሳ ግማሽ ሄክታር አይሞላም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ስለሚል ያ ማሳ ለሐራጅ አይቀርብም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ደግሞ ለገበሬው መተዳደሪያ የሚያስፈልጉትን ከብቶችና ዘር፣ የቤት ዕቃና አብዛኛውን ደመወዝ ከመያዝ ይጠብቃል። ጥበቃው ተገቢ ነው፤ የወንጀለኛው ልጆች በአባታቸው ጥፋት መራብ የለባቸውም። ውጤቱ ግን ለካሣ ሊውል የሚችለው ሀብት ጥቂት መሆኑ ነው፦ አንድ ባጃጅ ወይም ሞተር ሳይክል፣ የከተማ ቤት፣ ከሚያስፈልገው በላይ የሆነ ከብት፣ የባንክ ሒሳብ። እነዚህ ደግሞ በጣም በቀላሉ የሚሸሹ ናቸው። ተጠርጣሪው ከተያዘበት እስከ ፍርድ ባሉት ወራት ባጃጁ ወደ ወንድም፣ ሒሳቡ ወደ ዘመድ ይዛወራል። ሕጉ ከፍርድ በፊት ንብረት ማስከበርን ይፈቅዳል፤ ሆኖም ሆስፒታል የተኛ ወይም ሐዘን የተቀመጠ ሰው ይህን መብት አውቆ በጊዜው ይጠይቃል ብሎ መጠበቅ ዘበት ነው። የንብረቱን ዱካ ለመከተል አቅም ያላቸው ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ናቸው፤ ምርመራው በእጃቸው ነውና።

ወንጀለኛው በእርግጥ ድሃ ሲሆንስ? የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 102 ይህንን አስቀድሞ አስቦበታል። ካሣው እንደማይከፈል ሲታይ ፍርድ ቤቱ ከተወረሱ ዕቃዎች ሽያጭ፣ ከዋስትና ገንዘብ፣ ከመቀጮው ከፊሉ ወይም መቀጮው ከተለወጠበት የጉልበት ሥራ ገቢ ለተበዳዩ እንዲሰጥ ማዘዝ ይችላል፤ መንግሥትም በከፈለው መጠን በተበዳዩ መብት ይተካል። ስለዚህ ከመንግሥት ካዝና በፊት የተጎዳውን ሰው ማስቀደም ለሕጋችን እንግዳ አሳብ አይደለም። ጉድለቱ ድንጋጌው «ይችላል» ብሎ ማቆሙ ነው። ለአመፅ ወንጀሎች «ማዘዝ አለበት» ቢባል ብዙ ነገር ይለወጣል።

«ክልሉ ደመወዝ በወቅቱ መክፈል እያቃተው ለተበዳዮች ከየት ያመጣል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ሥጋቱ ከባድ ነው፤ ወላይታ በሚገኝበት፣ አዲስ በተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የደመወዝ መዘግየት የአደባባይ እሮሮ ነበር። ማስከፈል ግን ከመክፈል ይለያል። ንብረትን በጊዜ ማስከበርና የአፈጻጸም መዝገቡን ፍርዱ በተሰጠበት ዕለት መክፈት ከአዲስ በጀት ይልቅ አዲስ አሠራር ይፈልጋሉ። ከዚያ ባሻገር አነስተኛ ፈንድ ከመቀጮና ከውርስ ገቢ ሊቋቋም ይችላል። የ2005 ዓ.ም. የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ገጭቶ በተሰወረ ወይም መድን በሌለው መኪና ለተጎዳ ሰው የሚክስ ፈንድ አለው። በመኪና የተገጨን ሰው ያለ ካሣ አንተወውም ያለች አገር በገጀራ የተመታውን የምትተውበት ምክንያት ለመረዳት ያስቸግራል። በኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በአመፅና በወሲብ ወንጀል የተፈረደ ካሣ በስምንት ወር ውስጥ ካልተከፈለ መንግሥት ለተበዳዩ ከፍሎ ወንጀለኛውን ራሱ ይጠይቃል። የእነርሱን አቅም የለንም፤ ዕዳውን ማን ይከታተል የሚለውን መርህ ለመውሰድ ግን ሀብታም መሆን አያሻም።

ሌሎች ደግሞ ሽምግልናው ይበቃል ይላሉ። በወላይታ ዱቡሻ በሚባለው የመሰብሰቢያ አደባባይ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች ያስታረቁት ጉዳይ ብዙ ነው፤ ዘመድ ተባብሮ ስለሚያዋጣም ካሣው ከፍርድ ቤቱ ይልቅ ፈጥኖ ሊገኝ ይችላል። ከዚህ መማር ይገባል። ነገር ግን ዕርቅ ሁለት ቤተሰብን ሲያስማማ የተጎዳችውን ልጅ ድምፅ ሊውጥ ይችላል፤ በጠለፋና በአስገድዶ መድፈር ጉዳይ ገንዘቡ የሚገባው በአባት እጅ ከሆነ ካሣ መባሉ ይቀራል። የወንጀል ሕጉ ጠላፊው ተጠላፊዋን ቢያገባትም ከቅጣት አያመልጥም፣ የካሣ መብቷም አይነካም ያለው ለዚህ ነው። የካሣው መጠን ማነስ ይቅደም የሚሉም አሉ፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሕሊና ጉዳት ካሣን ከአንድ ሺህ ብር እንዳያልፍ መወሰኑ ዛሬ አሳፋሪ ነው። ሆኖም ጣሪያው ቢነሳ እንኳ የማይሰበሰብ ካሣ ቁጥሩ ብቻ ይገዝፋል።

የወንጀልና የፍትሐ ብሔር ሕጎቹን ማሻሻል የፌዴራሉ ምክር ቤት ሥራ ነው። ክልሉ ግን እስከዚያ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። ዐቃቤ ሕግ ክስ ሲመሠርት የካሣ ማመልከቻውንና የንብረት ማስከበሪያውን ከተበዳዩ ጋር ያዘጋጅ። ፍርድ ቤት ካሣ ሲፈርድ መዝገቡን በዚያው ቀን ወደ አፈጻጸም ይምራ። ዳኞች አንቀጽ 102ን ይጠቀሙበት፤ የክልሉ ምክር ቤትም ስንት ካሣ ተፈርዶ ስንቱ እንደተከፈለ በየዓመቱ ሪፖርት ይጠይቅ። ያ ሪፖርት ካለ ባለሥልጣናት የሚመዘኑት ባስፈረዱት የእስራት ዓመት ብቻ አይሆንም፤ በተጎዳው ሰው እጅ በገባው ብርም ይሆናል።