«አላውቅም» የሚል መሣሪያ ለምን ይወቀሳል?

ፕሮግራመሮች በዲባገር ላይ ከሚያሰሙት ቅሬታ አንዱ ይህ ነው፦ የአንድን ቫሪያብል ዋጋ ሲጠይቁት ቁጥር በመስጠት ፈንታ «ኦፕቲማይዝድ አውት» ይላቸዋል። ኮምፓይለሩ ፕሮግራሙን ለማፍጠን ሲል ዋጋውን አስወግዶታል፣ እኔ ዘንድ የለም ማለቱ ነው። መልሱ ያናድዳል። ከሐሰት ቁጥር ግን በብዙ ይሻላል።

ዲባገር እየሠራ ያለን ፕሮግራም መሃል ላይ አስቁሞ ውስጡን የሚያሳይ መሣሪያ ነው። የሂሳብ ፕሮግራም የተሳሳተ ቀሪ ሲያወጣ ስሕተቱን የሚፈልገው ባለሙያ የሚያየው በእሱ ዓይን ነው። ዲባገሩ «ቁጥሩ ይህን ያህል ነው» ካለው ያምናል፤ ባያምንስ በምን ያመሳክራል?

ችግሩ የሚጀምረው ቁጥሩ ሲተልቅ ነው። ፕሮሰሰር የሚሠራባቸውን ቁጥሮች የሚይዘው ሬጅስተር በሚባሉ ጥቂት ቦታዎች ነው። በ32 ቢት ፕሮሰሰር አንድ ሬጅስተር ከ4,294,967,295 በላይ አይቆጥርም። ከዚያ የሚበልጥ ቁጥር ለሁለት ተከፍሎ በሁለት ሬጅስተር ይቀመጣል። ሂሳቡን በሳንቲም የሚይዝ አንድ ፕሮግራም እናስብ፤ 50 ሚሊዮን ብር 5,000,000,000 ሳንቲም ነው። ላይኛው ግማሽ 1፣ ታችኛው ግማሽ 705,032,704 ይሆናል። ዲባገሩ ሁለቱን ከያሉበት ፈልጎ መልሶ መግጠም አለበት። ታችኛውን በትክክል አግኝቶ ለላይኛው ግን የሌላ ሥራ ቁጥር የያዘ ሬጅስተር ቢያነብና እዚያ 7 ቢያገኝ፣ ስክሪኑ ላይ 30,769,803,776 ይወጣል። 50 ሚሊዮን የነበረው ብር ከ307 ሚሊዮን በላይ ሆነ ማለት ነው። ፕሮግራሙ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው መርማሪው ነው። ባለሙያው ግን የሌለ ስሕተት ሲያሳድድ ይውላል፤ ይባስ ብሎም ደህናውን ኮድ «ያስተካክላል»።

ይህ ከሜዳ የመጣ ስጋት አይደለም። በቀድሞዎቹ አሠራሮች ኮምፓይለሩ ለዲባገሩ ይተውለት የነበረው የመጀመሪያውን ሬጅስተር ቁጥር ብቻ ነበር። የቀረው «ከሱ ቀጥሎ ነው» ተብሎ ይታሰባል። ቀጥሎ ሲባል በማን ቆጠራ? በኢንቴል 32 ቢት ፕሮሰሰር የሬጅስተሮቹ ተራ ኢኤኤክስ፣ ኢሲኤክስ፣ ኢዲኤክስ እያለ ይሄዳል። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር የሚያድላቸው ግን በኢኤኤክስ፣ ኢዲኤክስ፣ ኢሲኤክስ ተራ ነው። ሪቻርድ ስቶልማን የጀመረው ጂዲቢ፣ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ያለ ዲባገር፣ ይህን የኮምፓይለሩን ተራ እንዲከተል ብቻ የተጻፈ ትንሽ ክፍል በኮዱ ውስጥ ገብቶለታል። በሌላ አነጋገር የሚሠራው የጓደኛውን ልማድ አውቆ ነው እንጂ ተነግሮት አይደለም። ልማዱ የተቀየረ ቀን ቁጥሩ ይበላሻል፤ ማስጠንቀቂያም የለውም።

ድዋርፍ የተባለው መስፈርት ያመጣው መፍትሔ ቀላል ነው። ኮምፓይለሩ ራሱ «4 ባይቱ እዚህ፣ 4 ባይቱ እዚያ» ብሎ ቁራጭ በቁራጭ ይመዘግባል፤ የጠፋ ቁራጭ ካለም ቦታውን ባዶ ይተዋል። ግምት ቀረ፤ «አላውቅም» ማለት ተቻለ።

ይሁንና ጂዲቢም ከወቀሳ አያመልጥም። ብዙ መስኮች ያሉት ዋጋ ሲሆን የተገኙትን አሳይቶ የጠፉትን ለይቶ ያመለክታል። ነጠላ ቁጥር ሲሆን ግን ግማሹ ከጠፋ ሙሉውን «ኦፕቲማይዝድ አውት» ብሎ ይዘጋል፤ በእጁ ያለውን ግማሽ አያሳይም። ግማሽ ቁጥር ቁጥር አይደለም፣ አንባቢን ያሳስታል የሚሉ ይኖራሉ። የሚያሳስተው ግን ግማሹን ሙሉ አስመስሎ ማቅረብ ነው። የጠፋው ቦታ በግልጽ ምልክት ተደርጎበት የተገኘው ቢታይ ማንም አይሳሳትም፤ ብዙ ጊዜም ለምርመራው ያ ግማሽ ይበቃል።

«ዛሬ ሁሉም 64 ቢት ሆኗል፣ ይህ የድሮ ወሬ ነው» ማለትም አያዋጣም። በየመሣሪያው ሆድ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ፕሮሰሰሮች አሁንም ብዙዎቹ 32 ቢት ናቸው። በእነሱ ላይ ደግሞ ሰዓት ራሱ ለሁለት መከፈል ግድ ሆኖበታል። ከ1970 ጀምሮ ሰከንድ የሚቆጥረው የ32 ቢት ሰዓት የሚሞላው እ.ኤ.አ. ጥር 19 ቀን 2038 ነው፤ በእኛ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ዕለት፣ ማለዳ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ላይ። ስለዚህ ሰዓት ወደ 64 ቢት እየተሻገረ ነው፤ ሊኑክስ ለ32 ቢት ማሽኖች ይህን ያዘጋጀው በ2020 በወጣው 5.6 ስሪቱ ነው።

እዚህ ላይ የተሳሳተ ሬጅስተር አንብቦ 1 ያገኘ ዲባገር ቀኑን በ136 ዓመት ያስዘልለዋል። ይህ እንኳ ዓይን ስለሚገባ ቶሎ ይያዛል። የከፋው ሌላው ነው። የሰዓቱ ላይኛው ግማሽ እ.ኤ.አ. እስከ 2106 ዜሮ ሆኖ ይቆያል፤ ዜሮ የያዘ የተሳሳተ ሬጅስተር የሚያነብ ዲባገር እስከዚያ ድረስ ትክክል መስሎ ይኖራል። ዲባገር የሚፈትኑ ሰዎች የዛሬን ቀን ሰጥተው «ሠርቷል» ከሚሉ፣ ሁለቱም ግማሾቹ ዜሮ ያልሆኑ ቁጥር ይስጡት።