ነጻ መጽሐፍ በስንት ሽልንግ?

 

ዛሬ የምንጀምረው በራሳችን ጥፋት ነው። ባለፈው ወር ክፍል ውስጥ «የምናነበው የለንም» እያሉ የሚያማርሩ ተማሪዎቻችንን፣ «ኢንተርኔት ላይ ነጻ መጽሐፍ ሞልቶ የለም እንዴ! ፈልጋችሁ አንብቡ» ብለን ተቆጣናቸው። መቆጣት ቀላል ነው። አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪያችን ግን ቃላችንን አመነች። እናቷ እንጀራ ሸጣ ካጠራቀመችው ላይ ዳታ ገዛችና መፈለግ ጀመረች። «ነጻ» ብሎ በትልቁ የጻፈ ገጽ አገኘች። ገጹ መጀመሪያ ኢሜይል ጠየቃት፤ ቀጥሎ ስልክ ቁጥር፤ ቀጥሎ የባንክ ካርድ። ካርድ ከየት ይምጣ? ሌላ ገጽ ሞከረች፤ እዚያ ያወረደችው ፋይል ሲከፈት ማስታወቂያ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ዳታው አለቀ። በማግስቱ መጥታ «ቲቸር፣ ነጻው መጽሐፍ የታለ?» አለችን።

መልስ አልነበረንም። እዚህ ካኩማ ነጻ መጽሐፍ እንኳ ዋጋ አለው፤ ዳታው በሽልንግ ነው፣ ለብዙዎቻችን ስልክ ቻርጅ ማድረጉም በሽልንግ ነው። ስለዚህ ለተማሪ የሰጠነውን የቤት ሥራ መጀመሪያ ራሳችን ልንሠራው ተቀመጥን። የተማርነው ባጭሩ ይኸው ነው፦ አንድን መጽሐፍ ከማውረዳችሁ በፊት «ለምን ነጻ ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ።

መጽሐፍ የጻፈና ያሳተመ ሰው ደክሞበታል። በነጻ የሚሰጥበት ምክንያት ከሦስት አንዱ ነው። አንድ፣ መጽሐፉ አርጅቶ የቅጂ መብቱ ጊዜ አልፏል። ሁለት፣ ባለቤቱ ወዶ ሰጥቶታል። ሦስት፣ ወይ የተሰረቀ ነው ወይ ወጥመድ ነው።

ከመጀመሪያው ዓይነት ዋናው ፕሮጀክት ጉተንበርግ ነው። ማይክል ሃርት የሚባል አሜሪካዊ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1971 የአገሩን የነጻነት አዋጅ በዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ላይ ጽፎ ለሌሎች በማካፈል ጀመረው። ዛሬ ከ70,000 በላይ መጻሕፍት አሉት። ተመዝገቡ አይልም፣ ካርድ አይጠይቅም። የሚበዛው እንግሊዝኛ ስለሆነ አማርኛ ፍለጋ እዚያ አትድከሙ። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ላሉ ልጆቻችን ግን ትልቅ ሀብት ነው።

ፋይል ስትመርጡ «ኢፐብ» የሚለውን፣ ሥዕል የሌለበትን ውሰዱ። አንድ ልብ ወለድ በዚህ ዓይነት ብዙውን ጊዜ አንድ ሜጋ ባይት አይሞላም። ያው መጽሐፍ ገጽ በገጽ ስካን ተደርጎ በፒዲኤፍ ሲመጣ ግን ብዙ አሥር ሜጋ ባይት ሊሆን ይችላል። ታሪኩ አንድ ነው፤ የሚበላው ዳታ ግን የትየለሌ ነው። እንግዲህ መጠኑን ሳታዩ አትጫኑ።

ወዶ ከተሰጠው ዓይነት ለትንንሾቹ ሁለት እንጠቁማችሁ። አንዱ መሠረቱ ደቡብ አፍሪካ የሆነው አፍሪካን ስቶሪቡክ ነው። ሌላው ፕራታም ቡክስ የተባለ የሕንድ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2015 የከፈተው ስቶሪዊቨር ነው። ሁለቱም ጋ በሥዕል የታጀቡ አጫጭር ተረቶች አሉ፤ በአማርኛም ይገኛሉ። ስቶሪዊቨር ላይ በንባብ ደረጃ ስለተከፋፈሉ ፊደል ለቆጠረው ልጅም፣ ዐረፍተ ነገር ለሚያነበውም የሚሆን ታገኛላችሁ። ወላጆች፣ ይህን ችላ አትበሉት። ልጆቻችን በትምህርት ቤት እንግሊዝኛና ስዋሂሊ ያነባሉ፤ አማርኛውን ይናገሩታል እንጂ ብዙዎቹ ሀሁን አልጨረሱም። ማታ ማታ አንዲት ተረት አብሮ ማንበብ ከአሥር ምክር ይበልጣል። ደግሞ እነዚህ ቦታዎች መተርጎምን ይፈቅዳሉ። በጎረቤታችን ቋንቋ ብቻ የተገኘችውን ጥሩ ተረት እናንተው ወደ አማርኛ መልሳችሁ ማስገባት ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ሦስተኛው እንምጣ፤ እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ ታኮርፉን ይሆናል። በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው የአማርኛ መጽሐፍ ስካን አብዛኛው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ነው። በኢትዮጵያ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996፣ የደራሲው መብት እስከ ዕድሜው ፍጻሜ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉት ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ስለዚህ መጽሐፉ ገና ባለቤት አለው። በአንጻሩ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ታተመ፤ ደራሲው በ1947 አርፈዋል። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሥራዎችም፣ እሳቸው በ1938 ስላረፉ፣ ጊዜያቸው አልፏል። እንዲህ ያለ የጥንት መጽሐፍ ስካን የሚፈለገው ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ነው። እዚያም ቢሆን ማውረድ የሚፈቀደውን ብቻ ምረጡ። ለአንድ ሰዓት አውሶ የሚቀበለው ዓይነትም አለ፤ እሱ ለኛ ዳታ አይሆንም። እኛ ማንንም ሌባ ለማለት አይደለም። የአማርኛ ደራሲም ግን እንደኛው ልጆች የሚያሳድግ ሰው መሆኑን አንርሳ።

አንድ የመጨረሻ ምክር አለን። አንድ መጽሐፍ አሥር ቤት አሥር ጊዜ አይውረድ። አንድ ሰው ያውርድ፣ ሌላው በብሉቱዝ ወይም በሚሞሪ ካርድ ይቀበል። ከላይ ያነሣናቸው ቦታዎች ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ ትምህርት ቤታችን ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፤ ገልብጣችሁ ውሰዱ። እኛ ያወረድናቸውንም ሚሞሪ ይዞ ለመጣ ሁሉ እንሰጣለን።

ያቺ ተማሪያችንስ? ይቅርታ ጠየቅናትና «ራሴላስ»ን በብሉቱዝ ላክንላት። ሳሙኤል ጆንሰን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1759 ያሳተመው፣ ደስታን ፍለጋ ከሸለቆው ወጥቶ ስለሚዞር የአቢሲኒያ ልዑል የሚናገር መጽሐፍ ነው። እንግሊዝኛው ያረጀ ስለሆነ መዝገበ ቃላት ይዛ እየታገለችው ነው። ሰሞኑን መጥታ «ቲቸር፣ ሰውየው ኢትዮጵያን አይቷት ያውቃል?» ብላ ጠየቀችን። «አያውቃትም። ሎቦ የሚባል የፖርቱጋል ቄስ የጻፈውን የጉዞ መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ ተርጉሞ ነበር፤ አንብቦ ነው ያሰባት» አልናት። ትንሽ ዝም ብላ፣ «እኔም አላየኋትም» አለች። እዚሁ ካምፕ የተወለደች ልጅ ናት። ከዚያ ስልኳን ከፍታ ካቆመችበት ቀጠለች።

ለዛሬ በዚሁ ይብቃን። በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ፣ ቸር ይግጠመን።