በረዶው ምን አጠፋ?

ወገኖቼ፣ መኪናችን በበረዶ ላይ ተንሸራቶ የፊተኛውን ሲገጭ «ምን ይደረግ፣ ቀኑ ሆኖ ነው» ማለታችንን የምንተወው መቼ ነው? ቀኑ ምን አደረገን? እዚህ ሚኒሶታ በረዶ በየዓመቱ እንደ ቀጠሮ ይመጣል። ከኅዳር እስከ መጋቢት እንደማይለቀንም እናውቃለን። ጥፋቱ ሳንዘጋጅ የጠበቅነው የእኛ እንጂ የበረዶው አይደለም።

«እኔ አያሳስበኝም፣ መኪናዬ በአራቱም ጎማ የሚጎትት ነው» የሚል አይጠፋም። ወንድሜ፣ የአራቱ ጎማ ጉልበት ከቆምክበት ለመነሳት ይረዳሃል እንጂ ፍሬን ስትይዝ አያቆምህም። የሚያቆምህ መንገዱን የሚቆነጥጥ ጎማ ነው። ለዓመቱ ሁሉ ተብሎ የሚሸጠው ተራ ጎማ ደግሞ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ እየጠጠረ መቆንጠጥ ያቅተዋል። የጎረቤታችን የካናዳ ግዛት የሆነችው ኩቤክ ከ2008 ጀምሮ የበረዶ ጎማን በሕግ አስገድዳለች። የሚኒሶታ ሕግ አያስገድድም። ታዲያ ሕግ ካላስገደደን ለነፍሳችን አናስብም ማለት ነው?

«ጎማው ውድ ነው» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ነገር ግን ወገን ሲሞትብን አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ ሳናቅማማ እናዋጣለን፤ ደግ አደረግን። ለሟች የሚዘረጋው እጃችን በሕይወት ላለው ሰው ጎማ መግዣ ሲሆን ለምን ይታጠፋል?

ከሁሉ የሚከፋው ይሉኝታችን ነው። «ከቤት አትውጡ» እየተባለ፣ እኛ «ከክርስትናው ብቀር ምን ይሉኛል» ብለን ልጆቻችንን ከኋላ ጭነን እንወጣለን። ድልድይ ከላይም ከታችም ነፋስ ስለሚመታው ከሌላው መንገድ ቀድሞ በረዶ ይጋግራል። እርጥብ አስፋልት የመሰለን ጥርት ያለ በረዶ ይሆናል። የተበተነው ጨውም ብርዱ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ ካለፈ በኋላ የማቅለጥ ኃይሉ ይደክማል። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ለመቆም ከደረቁ መንገድ እስከ 10 እጥፍ የሚደርስ ርቀት ሊያስፈልግ ይችላል። እኛ ግን ድግሱ እንዳያመልጠን የፊተኛውን መኪና ተጠግተን እንበራለን።

ለእንጀራ ብለን የግድ የምንወጣም አለን። እሺ፤ እንግዲያው ግማሽ ሰዓት ቀድመን እንነሳ። መስታወቱን ሁሉ እንጥረግ እንጂ በዓይን ልክ ቀዳዳ ፍቀን አንንዳ። መኪናው ከተንሸራተተ ነዳጁን ለቀን፣ መሪውን ወደምንሄድበት አቅጣጫ በዝግታ እናዙር።

እናንተም ደጋሾች፣ «ቀረብን» ብላችሁ አትቀየሙ። እንዲያውም ቀድማችሁ ደውሉና «ዛሬ እንዳትመጡ» በሉን። ወጡ ፍሪዘር ውስጥ እስከ ሌላ እሑድ ይቆያል። የቀረ እንግዳም ያን ጊዜ ከነልጆቹ ይመጣል።