ሻይን ለብቻው እንቅመሰው

በአውሮፓና በአሜሪካ የተለያየ ዓይነት ሻይ ቅጠል በሳጥን አሽገው በየወሩ ደንበኞቻቸው ቤት ድረስ የሚልኩ ነጋዴዎች አሉ። ደንበኛው ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን እያፈላ ሽታውን፣ ቀለሙንና ጣዕሙን ያወዳድራል። ከውጭ የሚመጡ ዘመዶችም አንዳንዴ እንዲህ ያለውን ቅጠል በስጦታ ይዘውልን ይመጣሉ። እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን የሁሉም ዕጣ አንድ ነው፤ በራድ ውስጥ እስኪጠቁር ይንተከተክና ሁለት ሦስት ማንኪያ ስኳር ይጨመርበታል። ከዚያ በኋላ የምንቀምሰው ስኳሩን እንጂ ሻዩን አይደለም።

ነገሩ የጣዕም ብቻ ቢሆን ኖሮ በጤና አምድ ላይ ባላነሳሁት ነበር። እኔ ግን ሻይን ለብቻው፣ ማለትም ያለ ስኳርና ከምግብ ለይቶ መጠጣት ለጤናችን ቁም ነገር አለው ባይ ነኝ።

በመጀመሪያ ስኳሩን እንቁጠር። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ይመዝናል። በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ የሚጠጣ ሰው 48 ግራም ስኳር ወሰደ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ከተጨማሪ ስኳር የምናገኘው ኃይል ከዕለቱ ጠቅላላ ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ ይህም ለአዋቂ ሰው 50 ግራም ገደማ ነው። ወደ 25 ግራም ዝቅ ቢል ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል ይላል። ስለዚህ ይህ ሰው ለስላሳውም፣ ኬኩም፣ ጭማቂውም ሳይቆጠር ኮታውን በሻይ ብቻ ጨርሷል። ማር ብንቀይርም ልዩነት የለውም፤ ድርጅቱ ማርንም የሚቆጥረው ከዚሁ ጋር ነው።

ብዙ ታካሚዎች «ጣፋጭ አልወድም» ይሉኛል። በቀን ስንት ሻይ፣ በስንት ማንኪያ እንደሚጠጡ ስጠይቃቸው ግን ራሳቸው ይገረማሉ። ስኳር ሲበዛ ጥርስ ይጎዳል፣ ክብደት ይጨምራል፤ የክብደት መጨመር ደግሞ ለዓይነት ሁለት የስኳር ህመም ያጋልጣል።

ለመሆኑ ያለ ስኳር ሻይ ለምን ይመረናል? አንዱ ምክንያት አፈላላችን ነው። ቅጠሉ ለረጅም ጊዜ በተንተከተከ ቁጥር ታኒን የሚባለው አፍ የሚያደርቅና የሚያጎመዝዝ ንጥረ ነገር በብዛት ይወጣል። ውሃውን ለብቻው አፍልቶ፣ ከእሳት አውርዶ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅጠል በአንድ ብርጭቆ ውሃ መጠን ጨምሮ፣ ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ከድኖ ማጥለል ይበቃል። አረንጓዴ ሻይ ከሆነ ውሃው ትንሽ በረድ ይበል። ሁለቱም የሚገኙት ከአንድ የተክል ዝርያ ነው፤ የሚለያያቸው ከተለቀሙ በኋላ የሚደረግላቸው ዝግጅት ነው።

ለመቅመስ ደግሞ የግድ የውጭ ሳጥን መጠበቅ አያስፈልግም። ቦንጋ አጠገብ የሚመረተው ውሽውሽና ጎሬ አጠገብ የሚመረተው ጉማሮ የራሳችን ናቸው። አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ነገ ያለ ምንም ነገር ቀምሳችሁ አወዳድሩ። ቀጥሎ በቀረፋ፣ በቅርንፉድ፣ በሄል ወይም በዝንጅብል ሞክሩት። ቅመሙ ስኳር የሸፈነውን ቦታ ይሞላል። ስትቀምሱ ግን ቀዝቀዝ ይበል፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የጋለ መጠጥን ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ከሚባሉት ተርታ መድቦታል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሰዓቱ ነው። ታኒን ከእህል፣ ከጥራጥሬና ከአትክልት የምናገኘው አይረን በሚገባ ወደ ሰውነታችን እንዳይገባ ያደርጋል። በጾም ወራት ሽሮና ምስር በልተን ወዲያው ሻይ ስናስከትል ምግቡ ከያዘው አይረን የሚቀርልን ይቀንሳል። ቡናም እንዲሁ ነው። ነፍሰ ጡር እናቶች፣ ሕፃናትና የደም ማነስ ያለባቸው ሰዎች በተለይ ይጠንቀቁ። ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይቶ መጠጣት ተገቢ ነው። የአይረን ኪኒን ደግሞ በውሃ እንጂ በሻይ አይዋጥም። ለትንሽ ልጅ ጠዋት ዳቦ በሻይ መስጠት የተለመደ ቢሆንም ለሚያድግ ሰውነት የሚጠቅም ቁርስ አይደለም።

«ለቀን ሠራተኛ ስኳር ጉልበቱ ነው» የሚሉ ይኖራሉ። ዳቦና ሻይ ምሳው ለሆነ ሰው ያለችውን ማንኪያ መንጠቅ የእኔ ሐሳብ አይደለም። ነገር ግን ለእሱም ቢሆን ባቄላ ወይም ሽንብራ የሚሰጠው ጉልበት ከስኳሩ የበለጠ ይቆያል።

ስኳሩን በአንድ ቀን ማቆም የሚከብዳችሁ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሱ፤ ምላስ ቀስ በቀስ ይለምዳል። እንግዳ ሲመጣም ሻዩን አጣፍጦ ከማቅረብ ስኳሩን ለብቻው ማስቀመጥ ይሻላል። ሦስት ማንኪያ ጨምሮ ማቅረብ የአክብሮት ምልክት ሆኖ ኖሯል፤ ዛሬ ግን የእንግዳውን ጤና ማሰብም አክብሮት ነው።