ከሐረሙ ደጃፍ የሚገነባው ለማን ነው? ከመካው የሰዓት ማማ እስከ «የንጉሥ ሰልማን በር»

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

ኦክቶበር 2025 ላይ የሳዑዲ ዐረቢያ መንግሥት «የንጉሥ ሰልማን በር» የተሰኘ ግዙፍ የግንባታ ዕቅድ ይፋ አደረገ። ቦታው ከመስጂደል ሐረም ጎን ነው። በዕቅዱ መሠረት 12 ሚሊዮን ካሬ ሜትር የወለል ስፋት ያላቸው ሆቴሎች፣ መኖሪያ ቤቶች፣ የንግድና የባህል ማዕከላት ይገነባሉ። ወደ 900 ሺህ ሰው የሚሰግድባቸው የውስጥና የውጭ ቦታዎችም ይኖሩታል። ሥራውን የሚመራው የመንግሥቱ የኢንቨስትመንት ፈንድ የሆነው ሩአ አል ሐረም አል መኪ የተባለው ኩባንያ ነው።

ዜናው እንደተሰማ ሙስሊሙ ዓለም በሁለት ተከፍሎ መከራከር ጀመረ። አንዱ ወገን «ሑጃጁ ሊመቸው፣ መጨናነቁም ሊቀል ነው» ብሎ ተደሰተ። ሌላው «መካ የሀብታም መዝናኛ ልትሆን ነው» ብሎ አዘነ። ሁለቱም ወገኖች ግን ማስረጃ ሲያቀርቡ ጣታቸውን የሚቀስሩት ወደ አንድ ሕንፃ ነው፤ ከካዕባ ፊት ለፊት ወደቆመው የሰዓት ማማ፣ ወደ አብራጅ አል በይት። ስለ አዲሱ ዕቅድ በቅጡ ለመነጋገር በዚህ ማማ ዙሪያ ከሃያ ዓመት በላይ የቆየውን ክርክር መመርመር ይበጃል።

ማማውና ከሥሩ የጠፋው ምሽግ

አብራጅ አል በይት ሰባት ማማዎችን የያዘ ነው። ስማቸው ዘምዘም፣ ሶፋ፣ መርዋ፣ ሐጀር፣ መቃም፣ ቂብላ ሲሆን መሐል ላይ ያለው የሰዓት ማማ ነው። የሰዓት ማማው 601 ሜትር ይረዝማል። የእያንዳንዱ ሰዓት ገጽ ስፋት 43 ሜትር ነው። ውስጡ ባለብዙ ኮከብ ሆቴሎች፣ የመኖሪያ አፓርታማዎችና ሰፊ የገበያ ማዕከል አሉት። ለግንባታው የወጣው ገንዘብ 15 ቢሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ሲገለጽ ቆይቷል። ካዕባ ወደ 13 ሜትር ገደማ ከፍታ አላት። ማማው ከ45 እጥፍ በላይ ይበልጣታል ማለት ነው።

ሕንፃው ባለበት ስፍራ ቀድሞ ኮረብታ ነበር። በኮረብታው ላይ ደግሞ ዑስማኒያዎች በ18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ከተማይቱንና ሐረሙን ለመጠበቅ የሠሩት የአጅያድ ምሽግ ነበር። በ2002 መጀመሪያ ምሽጉ ፈረሰ፤ ኮረብታውም ተናደ። ቱርክ በከፍተኛ ቁጣ ተቃወመች። በወቅቱ የነበሩት የባህል ሚኒስትር ድርጊቱን ታሊባን በባሚያን ሐውልቶች ላይ ከፈጸመው ጋር አመሳሰሉት። ሳዑዲም ጉዳዩ የሉዓላዊነት ጉዳይ መሆኑንና የሚገነባውም ለአላህ እንግዶች ጥቅም መሆኑን በመግለጽ መለሰች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። በሒጃዝ ጥንታዊ ስፍራዎች ሲፈርሱ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ምክንያት ሰዎች ቦታዎቹን በማላቅ ወደ ሺርክ እንዳይገቡ የሚል ነው። ይህ ምክንያት በዑለማዎች መካከል ሰፊ ውይይት ያለበት ነው፤ ለብቻው መታየትም ይገባዋል። አጅያድ ግን የወታደር ምሽግ ነበር። በረካ ፈልጎ ግድግዳውን የሚዳስስ አልነበረም። ስለዚህ ምሽጉ የፈረሰው ለዐቂዳ ሳይሆን ለቦታው ሲባል እንደነበር በግልጽ መናገር ይቻላል። ከሐረሙ በር ላይ ያለ መሬት በዓለም ውድ ከሆኑት መሬቶች አንዱ ነውና።

መካ የተወለዱትና በ1970ዎቹ የሐጅ ጥናት ማዕከልን የመሠረቱት አርክቴክት ሳሚ አንጋዊ ይህን አካሄድ ለዓመታት ሲቃወሙ ኖረዋል። በዚያው ማዕከል የሠሩት ጸሐፊ ዚያኡዲን ሰርዳርም በ2014 ስለ መካ ባሳተሙት መጽሐፍ ተመሳሳይ ሐዘን ገልጸዋል። የሁለቱም ስሞታ ከተማዋ ለምን ተለወጠች የሚል አይደለም። ለውጡ የቦታውን ክብርና የሐጅን መንፈስ መለኪያው አላደረገም የሚል ነው።

የገንቢዎቹም ወገን እውነት አለው

ፍትሐዊ ለመሆን የሌላውን ወገን ክርክርም በሙሉ ክብደቱ መስማት ይገባል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከውጭ የሚመጡት ሑጃጆች ወደ 100 ሺህ ገደማ ነበሩ። በ2012 የሑጃጁ ጠቅላላ ቁጥር ከ3.1 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። በ2025 ቁጥሩ ወደ 1.67 ሚሊዮን ቢወርድም፣ መንግሥት በ2030 በዓመት 30 ሚሊዮን የዑምራ ተጓዦችን የመቀበል ግብ አስቀምጧል። ይህን ያህል ሕዝብ በቀድሞዎቹ ጠባብ ሰፈሮች ማስተናገድ አይቻልም።

ዘመናዊ ግንባታ ሕይወት እንዳዳነም መካድ አይገባም። በ1997 ሚና ላይ በተነሳ እሳት ከ340 በላይ ሑጃጆች ሞተዋል። ከዚያ በኋላ ነው እሳት የማይበላቸው ድንኳኖች የተተከሉት። ሐረሙን ለማስፋት ቤቶችን ማፍረስም ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) በኸሊፋነታቸው ዘመን በካዕባ ዙሪያ የነበሩትን ቤቶች ገዝተው አፍርሰዋል። አንሸጥም ላሉት ደግሞ ዋጋው ተቀምጦላቸው መስጂዱ ሰፍቷል። የዑመር መከራከሪያ ቤቶቹ በካዕባ ግቢ ላይ የመጡ እንጂ ካዕባ በእነርሱ ግቢ ላይ የመጣች አይደለችም የሚል ነበር።

ነገር ግን ይኸው ምሳሌ ሁለት ስለት አለው። ዑመር ቤቶቹን ያፈረሱት ለሰጋጁ ቦታ ለመስጠት ነው። አጅያድ ሲፈርስ ግን በቦታው የቆመው መስጂድ ሳይሆን ሆቴልና አፓርታማ ነው። ማፍረሱ አንድ ቢሆንም የፈረሰበት ዓላማ ይለያያል።

ጥያቄው የቆየ ነው

የመካ ቤቶች ጉዳይ ከሰሃቦች ዘመን ጀምሮ ሲያነጋግር ኖሯል። በሱረቱል ሐጅ 25ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) መስጂደል ሐረምን ለነዋሪውም ከሩቅ ለሚመጣውም እኩል እንዳደረገው ይገልጻል። ሙፈሲሮች «እኩል የሆኑት በመስጂዱ ብቻ ነው ወይስ በመላው የመካ ምድር?» ብለው ተወያይተዋል። ዑመር (ረ.ዐ) የመካ ሰዎች በሐጅ ወቅት በቤቶቻቸው ላይ በር እንዳይገጥሙ ከልክለው እንደነበር ተዘግቧል፤ ከሩቅ የመጣው ሰው ባገኘው ቦታ እንዲያርፍ። በር የገጠመው ሱሀይል ኢብኑ ዐምር ሲጠየቅ፣ ነጋዴ መሆኑንና ግመሎቹን ለመጠበቅ መሆኑን ተናግሮ ተፈቀደለት። የሑጃጁ መብትና የነጋዴው ፍላጎት ያን ጊዜም ተገናኝተው ነበር።

ከዚህ ተነስተው ኢማም አቡ ሐኒፋ የመካን ቤቶች በሐጅ ወቅት ለሑጃጆች ማከራየትን ጠልተዋል። ኢማም አሽ ሻፊዒይ ደግሞ የመካ ቤቶች እንደሌላው ንብረት የሚወረሱ፣ የሚሸጡና የሚከራዩ ናቸው ብለዋል። ከማስረጃዎቻቸው አንዱ መካ በተከፈተች ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የት እንደሚያርፉ ሲጠየቁ፣ ዐቂል የተወላቸው ቤት እንደሌለ ማመልከታቸው ነው። የወሎው ሐነፊይም የሐረሩ ሻፊዒይም በየመድረሳው የሚያውቀው ልዩነት ነው። ስለዚህ ከሐረሙ አጠገብ ሆቴል ማከራየት በራሱ ሐራም ነው የሚል ድምዳሜ ላይ መቸኮል ተገቢ አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ ጉዳዩ ተራ የንግድ ጉዳይ ነው ማለትም አይቻልም። ታላላቅ ኢማሞች ከነዋሪው ኪራይ እንኳ የተጠነቀቁባት ከተማ ናት።

ስለ ከፍታም ቢሆን የቆየ አደብ አለ። የመካ ታሪክ ጸሐፊው አል አዝረቂ እንደዘገቡት፣ የካዕባን ቁልፍ ከሚጠብቁት ቤተሰብ የሆኑት ሸይባ ኢብኑ ዑስማን ከካዕባ በላይ ከፍ ያለ ቤት ሲያዩ እንዲፈርስ ያዙ ነበር። ይህ የሸሪዓ ግዴታ ነው ማለት አይደለም። ሙስሊሞች ካዕባን በዓይን ጭምር እንዴት ያከብሯት እንደነበር ግን ያሳያል።

ወቅፍ ነው፤ ተጠቃሚው ማነው?

ብዙ ተከራካሪዎች የሚዘነጉት አንድ እውነታ አለ። አብራጅ አል በይት የግል ሕንፃ አይደለም። «የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ወቅፍ ለሁለቱ ሐረሞች» በሚል የተቋቋመ ወቅፍ ነው። ገቢው ለሐረሞቹ አገልግሎት እንዲውል ነው የታሰበው።

አሠራሩን በዘምዘም ማማ ማየት ይቻላል። የወቅፉ መሬት አይሸጥም። ስለዚህ ወቅፉ መሬቱን ለቢን ላዲን የግንባታ ኩባንያ ለ28 ዓመት አከራየ። ኩባንያው ደግሞ ማማውን ሙንሸአት ለተባለ የኩዌት ኩባንያ ለ24 ዓመት አስተላለፈ። ሙንሸአት 390 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ሱኩክ አዘጋጅቶ፣ ለገዢዎች በየዓመቱ ለተወሰኑ ሳምንታት በክፍሎቹ የመጠቀም መብት ሸጠ። ጊዜው ሲያበቃ ሁሉም ነገር ወደ ወቅፉ ይመለሳል። መሬቱ ሳይሸጥ፣ ወለድ ሳይገባበት ግዙፍ ሕንፃ ቆመ። በኢስላማዊ ፋይናንስ ትምህርት ውስጥ እንደ ጥሩ ምሳሌ የሚጠቀሰውም ለዚህ ነው።

ውሉ ትክክል ነው እንበል። ወቅፍ ግን የሚመዘነው በውሉ ትክክለኛነት ብቻ አይደለም፤ ከጥቅሙ ማን እንደደረሰውም ይታያል። በሙስሊሞች ታሪክ የመካ ወቅፎች ብዙዎቹ የድሃ ማረፊያ ነበሩ። ከማግሪብ፣ ከህንድ፣ ከሀበሻ የመጣ ምስኪን ያለ ኪራይ የሚያድርባቸው ሪባጦች ነበሩ። በዛሬው ማማ ግን ካዕባን የሚያሳየው መስኮት ከማያሳየው ይበልጣል፤ ልዩነቱም በዶላር ይተመናል። ድሃው ከሐረሙ ራቅ ባሉ ሰፈሮች ያርፍና በአውቶቡስ ይመላለሳል። ኢሕራም ለብሰው በጠዋፍ ጎን ለጎን የሚዞሩት ሰዎች፣ ከሶላት በኋላ አንዱ በአሳንሰር ይወጣል፤ ሌላው አውቶቡስ ፍለጋ በፀሐይ ይሄዳል።

ይህ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2024ቱ ሐጅ በነበረው ሙቀት 1,301 ሰዎች መሞታቸውን ሳዑዲ አስታውቃለች። ከነዚህ 83 ከመቶው ያልተመዘገቡ ነበሩ፤ ማረፊያና ጥላ ሳያገኙ በፀሐይ ረጅም መንገድ የተጓዙ። ብዙዎቹ የመደበኛውን ጉዞ ዋጋ መክፈል አቅቷቸው በጉብኝት ቪዛ የገቡ ናቸው። ያለ ፈቃድ መሄዳቸው ስህተት ነው። ለሞታቸውም አንድን ሕንፃ መክሰስ ፍትሕ አይሆንም። ነገር ግን ሐጅ እየተወደደ በሄደ ቁጥር ድሃው ወደ አደገኛው መንገድ እንደሚገፋ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

እኛስ?

ከኢትዮጵያ ለሐጅ የሚሄድ ሰው ዛሬ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ብር ይከፍላል። የብር ዋጋ በወረደ ቁጥር በሪያልና በዶላር የሚከፈለው የማረፊያ ሒሳብ ይከብደዋል። ላሟን ሸጣ፣ ለዓመታት ዕቁብ ጥላ የምትሄድ እናት ስለ ማማው ውበት አትከራከርም። የምትጠይቀው ከሐረሙ ምን ያህል እንደምትርቅና እግሯ ይችል እንደሆነ ነው።

ይህን ችግር ቀድመው ያዩ አሉ። የጅማው አባ ጅፋር ለአገራቸው ሑጃጆች በመካ ማረፊያ ቤት እንዳዘጋጁ ይነገራል። ማሌዥያ ከ1963 ጀምሮ ገበሬው በትንሽ በትንሹ የሚቆጥብበት የሐጅ ፈንድ አቋቁማለች። ኢንዶኔዥያም ለዜጎቿ በመካ የራሷን ማረፊያ ለማግኘት ተንቀሳቅሳለች። የኛ መጅሊስና በቅርቡ የተከፈቱት ከወለድ ነፃ ባንኮቻችን በዚህ ረገድ ተቀምጠው ቢመክሩ፣ ማማውን ከሩቅ ከመውቀስ የተሻለ ሥራ ይሆናል።

ስለ «የንጉሥ ሰልማን በር» ግን ሙስሊሙ ዑማ በአክብሮት ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ከሚገነቡት ክፍሎች ስንቱ ነው በድሃ አቅም የሚከፈል? በቅርብ ያሉት ክፍሎችስ ለአረጋውያንና ለአቅመ ደካሞች የሚደርሱበት መንገድ አለ? ከዕቅዱ ጋር 19 ሺህ ካሬ ሜትር የቅርስ ስፍራ እንደሚታደስ ተነግሯል፤ ይህ መልካም ዜና ነው። ከ12 ሚሊዮኑ ጋር ሲነጻጸር ግን እጅግ ጥቂት ነው። የሚታደሰው የትኛው እንደሆነ፣ የማይታደሰውስ ምን እንደሚሆን በግልጽ ቢነገር ብዙ ልብ ያረጋጋል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሐዲሰ ጂብሪል ባዶ እግራቸውን የነበሩ እረኞች በሕንፃ ርዝመት መፎካከራቸውን ከቂያማ ምልክቶች ቆጥረውታል። ዑለማዎች እንዳብራሩት ምልክት መሆኑ ብቻ ድርጊቱን ሐራም አያደርገውም። ነገር ግን ማስጠንቀቂያነት አለው፤ ሰው በሠራው ነገር ከፍታ ተይዞ የተሠራበትን ዓላማ እንዳይረሳ። ካዕባ 13 ሜትር ሆና ከዓለም ዳርቻ ሰው የምትጠራው በቁመቷ አይደለም። በዙሪያዋ የሚገነባውም መመዘን ያለበት ከእንግዶቿ ደካማ የሆነውን ምን ያህል ወደ እርሷ እንዳቀረበው ነው።

ወላሁ አዕለም።